አቀንጭራውን በስሙ ጥሩት

«ከልጅነቴ ጀምሮ ለግብርና ሳይንስ ጥልቅ ፍቅር ስለነበረኝ፣ በታዋቂው ዩኒቨርሲቲያችሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ያለኝ ጉጉት ከፍተኛ ነው።»

በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ወረቀት በሰሜን ወሎዋ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ባለች ጁስ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የወረቀቱ ባለቤት በሀብሩ ወረዳ በአንድ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት። ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ ገበሬ መካከል ገብታ መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። ደብዳቤውን የጻፈችው በስልኳ ነው። የታተመው ወልድያ ነው። ወዲያ ማዶ መናኸሪያው ላይ ረዳቶቹ «ወልድያ! ወልድያ!» እያሉ ይጣራሉ። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ ፊት አላነሳችም።

«ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?»

ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ፊደል የተሳሳተበት ቦታ የለም። ሁለቱንም ገጽ አንብቤ ስጨርስ ግን ስለ ጸሐፊዋ የማውቀው ነገር አልነበረም። ወረቀቱን አጠፍኩና ስለ ሥራዋ እንድታወራኝ ጠየቅኳት። ያኔ ፊቷ በራ። ማሽላው ላይ ስለሚወጣው አቀንጭራ ነገረችኝ፤ ማሽላና ማሾ አሰባጥረው የዘሩ ገበሬዎች እንዳሉና በእነሱ ማሳ አረሙ ያነሰ ስለመሰላት በየጊዜው እየሄደች እንደቆጠረች አወራችኝ። ቁጥሩን የመዘገበችበት ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ይሄማ ሥራዬ ነው፣ ጋሼ። ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል?»

ይህ ጽሑፍ የሚመልሰው ያንን ጥያቄዋን ነው። ምክንያቱም ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከውርጌሳና ከግራና ወደ ውጭም ሆነ ወደ አገር ውስጥ ድህረ ምረቃ የሚያመለክቱ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝኛ ስለጎደላቸው አይደለም። በእጃቸው የያዙትን ዕውቀት ዕውቀት አድርገው ስለማያዩት ነው።

የደብዳቤው ስም እንደሚላክበት ቦታ ይለያያል። አሜሪካኖቹ «ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ» ይሉታል፤ የጀርመኑ ዳድና የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንደስ ፕሮግራሞች «ሞቲቬሽን ሌተር» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ሌተር ኦፍ ኢንተንት» ብለው ይጠይቃሉ። የብሪታንያው ቺቭኒንግ በአንድ ደብዳቤ ፋንታ ስለ መሪነት፣ ስለ ግንኙነት መረብ፣ ስለሚመረጠው ትምህርትና ስለ ወደፊት ዕቅድ ለየብቻ ሲያስጽፍ ኖሯል፤ ለማመልከትም ሁለት ዓመት፣ ማለትም 2,800 ሰዓት፣ የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ እስከ ሁለት ገጽ ነው። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ከወዲያ በኩል ተቀምጠው የሚያነቡት መምህራን የሚፈልጉት መልስ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ምን ጥያቄ ይዞ ይመጣል? እስካሁንስ ስለ ጥያቄው ምን አድርጓል?

ትራንስክሪፕቱ ውጤቱን ይናገራል፤ ሲቪው የት የት እንደሠራ ይዘረዝራል። አመልካቹ እንዴት እንደሚያስብ የሚያሳየው ደብዳቤው ብቻ ነው። ስለዚህም ሲጂፒኤን ደብዳቤ ውስጥ መድገም ቦታ ማባከን ነው።

እኛ ደግሞ ከልጅነታችን የለመድነው ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ ማመልከቻ። ቀኑ በቀኝ፣ «ጉዳዩ» መሐል ላይ፣ ቀጥሎ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው»፣ መጨረሻ ላይ «እንዲተባበሩኝ ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ»። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይህን ሥርዓት አሳምረው ያውቁታል፤ በቦታውም ተገቢ ነው። የተቀባዩን ክብር ይጠብቃል፤ የአመልካቹን ችግር ያሳውቃል፤ ውሳኔ ይለምናል። የድህረ ምረቃ ደብዳቤ ግን በዚህ መንፈስ ሲጻፍ ይበላሻል። ዩኒቨርሲቲውን «ዝነኛ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» እያሉ ማወደስ ለአንባቢው ምንም አይጨምርለትም፤ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ያውቀዋል። «ዕድሉ ቢሰጠኝ» እያሉ መማጸንም እንዲሁ። የቅበላ ኮሚቴው ችሮታ አያድልም። አብሮት የሚሠራ ሰው እየፈለገ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያስረዳው የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ታሪክ ነው፤ ለሀብሩ ልጅ ደግሞ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ1950 ወለንኮሚ አካባቢ ከደሃ ቤተሰብ ተወለዱ። ትምህርት ቤቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ስለነበረው እሑድ በእግራቸው ሄደው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ዓለማያ ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። በዚያው ዓመት ጆን አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ኢትዮጵያ መጥተው ነበርና ወጣቱ ምሩቅ የአገሪቱን የማሽላ ዝርያዎች በመሰብሰብ አገዟቸው። አክስቴል የልጁን ሥራ አዩ፤ ተማሪያቸው እንዲሆንም ወደ ፐርዱ ጋበዙት። ገቢሳ በ1978 ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ በ1983 ሱዳን ውስጥ ሐጊን ዱራ የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ ለገበሬ አደረሱ፤ ከዚያ ወደ አቀንጭራው ዞሩ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ወሎን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አክስቴልና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ላይሲን የተባለው ለሰውነት አስፈላጊ የፕሮቲን አካል ከሌላው ማሽላ በእጅጉ በልጦ የሚገኝባቸውን ሁለት የኢትዮጵያ ማሽላዎች ለዓለም አሳወቁ። ማሽላዎቹ ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ገበሬው ወተት በጉንጬ እያለ እሸቱን ጠብሶ የሚበላው ዓይነት። የወሎ እናቶች በጣዕም መርጠው ያቆዩትን ዘር ሳይንስ ላቦራቶሪ ገብቶ አረጋገጠው። እንግዲህ «ይሄማ ሥራዬ ነው» ያለችኝ ልጅ የምትመላለስበት ማሳ የዓለም የማሽላ ሳይንስ ከዚህ በፊት ጎንበስ ብሎ የተማረበት ማሳ ነው።

ገቢሳ ደብዳቤ አልጻፉም ማለቴ አይደለም። ማለት የፈለግኩት፣ በሩን የከፈተላቸው አክስቴል በዓይናቸው ያዩት ሥራ መሆኑን ነው። ዛሬ እንደ አክስቴል ያለ ሰው መርሳ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ ደብዳቤው፣ አጠገብህ ቢሆን ኖሮ አይቶ ይወድልህ የነበረውን ሥራ ለማያውቅህ ሰው ማሳየት አለበት። የደብዳቤው ተግባር በሙሉ ይህ ነው። ሌላው ማጀቢያ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሌላው ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ያንን ማየት ለዓመታት የዘለቀ ምርምር ተከተለው፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘላቸው። እንዶዱንም፣ ወንዙንም፣ አጣቢዎቹንም ያ አካባቢ ለዘመናት ሲያይ ኖሯል። ሳይንቲስቱ የጨመሩት «ለምን?» የሚለውን ጥያቄና ጥያቄውን የመፈተኛ መንገድ ነው።

ወደ አቀንጭራው እንመለስ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውን ነገር ምን ያህል ጠልቆ ማወቅ እንዳለበት የሚያሳየው እሱ ነውና። አቀንጭራ ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር አረም ነው። ዘሩ ከአቧራ ጥቂት የሚተልቅ ሲሆን አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ልትረጭ ትችላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ብቻ ነው። ነቅቶ ሥሩ ላይ ይጣበቅና ውሃውንና ምግቡን ይመጠዋል። አቀንጭራው ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ገበሬው የሚያርመው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የነፕሮፌሰር ገቢሳ ምርምር ያንን የሚቀሰቅስ ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ ማሽላዎችን መለየት ላይ ያተኮረ ነበር፤ በአገራችን ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት ከዚያ ሥራ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለዚህ አካባቢ የሚስማሙ እንደ ግራና 1 ያሉ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥቷል። ላም ባቄላን የመሰሉ አንዳንድ ጥራጥሬዎች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው፦ ሥራቸው የአቀንጭራውን ዘር ይቀሰቅሰዋል፤ የሚጣበቅበት ማሽላ በአጠገቡ ካላገኘ ግን ይሞታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ በማሾው ማሳ አየሁ የምትለው ነገር ከዚህ ጋር ሊገናኝም ላይገናኝም ይችላል። ለምርምር የሚበቃው ይኸው አለመታወቁ ነው።

ደብተሯን አብረን ከፈትነው። ስድስት ማሳ ነበር። ጁስ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ የመጀመሪያውን አንቀጽ እንደገና ጻፈችው። በአማርኛ እንድትጀምር የመከርኳት እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ እንግሊዝኛው አያስቸግርም። እንዲህ ወጣ፦

«በሀብሩ ወረዳ በምሠራበት ቀበሌ የማሽላ ገበሬዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱብኝ ችግር አቀንጭራ ነው። ባለፈው መኸር ማሽላን ከማሾ ጋር አሰባጥረው የዘሩ የሦስት ገበሬዎችን ማሳ፣ ማሽላ ብቻ ከዘሩ ሦስት ጎረቤቶቻቸው ማሳ ጋር አነጻጸርኩ። በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ የወጣውን አቀንጭራ ቆጠርኩ። ማሾ ካለባቸው ማሳዎች በሁለቱ ቁጥሩ አነስተኛ ነበር፤ በሦስተኛው ግን ልዩነት አላየሁም። ልዩነቱ ከአፈሩ ይሁን፣ ከዘር ጊዜው ወይም ከማሾው ብዛት መለየት አልቻልኩም። ይህን ለመለየት የሚያስችለኝን የሙከራ አነዳደፍና የስታቲስቲክስ ዕውቀት ነው የምፈልገው።»

ይህንን አንቀጽ የሚያነብ የአረም ሳይንስ መምህር ጸሐፊዋን አወቃት። ችግር ማየት ትችላለች፤ ሳትታዘዝ ትቆጥራለች፤ ያልተሳካውን አትደብቅም፤ የጎደላትን በስሙ ትጠራለች። «ትጉህ ነኝ» የሚል ቃል የትም ቦታ የለም፤ ትጋቷ ግን ይታያል። እኔን ከሁሉ የነካኝ ሦስተኛው ማሳ ነው። መጀመሪያ ላይ ልትተወው ፈልጋ ነበር፤ «ያበላሽብኛል» ብላ። ያንን ማሳ የሚደብቅ ደብዳቤ የውሸት ነው፤ እሱን የያዘው ግን ተመራማሪ እንደምትሆን ይናገራል።

«እኔ የግብርና ሰው አይደለሁም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ወልድያ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ፣ እናቶች የእርግዝና ክትትላቸውን የሚያቋርጡት በስንተኛው ወር እንደሆነ ከመዝገቡ ያውቃል። የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋውን የባቡር መስመር ያውቀዋል። የሒሳብ መምህር ተማሪዎቹ ክፍልፋይ ላይ የት እንደሚሰናከሉ ያውቃል። የታሪክ ተማሪ ደግሞ መንዙማና ቅኔ ጎን ለጎን በኖሩበት አገር ተወልዷል። ሁሉም በእጁ ያለ ነገር አለው። የሚጎድለው መጻፉ ነው።

ደብዳቤው ከጥያቄው በኋላ ወዴት ይሄዳል? «ለምን እዚህ?» ወደሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አመልካች ይሰንፋል። የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ እየቀያየሩ አንድ ደብዳቤ ለአሥር ቦታ መላክ የተለመደ ነው፤ አንባቢው ግን ወዲያው ያውቀዋል። የትምህርት ክፍሉን መምህራን ዝርዝር ከፍቶ፣ ከጥያቄው ጋር የሚቀራረብ ሥራ ያለውን ሰው ለይቶ፣ ቢያንስ አንድ ጽሑፉን አንብቦ፣ «ይህ ሥራዎ ከጥያቄዬ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው» ማለት ያስፈልጋል። በአሜሪካ በተለይ በግብርናና በሳይንስ ዘርፎች ይህ ቁልፍ ነገር ነው፤ ለብዙ ተማሪ የሚከፈለው በመምህሩ የምርምር ገንዘብ፣ በረዳት ተመራማሪነት ስለሆነ የሚፈልግህ መምህር ከሌለ ቅበላውም አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት ለመምህሩ አጭር ኢሜይል ጻፍ፤ ከአንድ መቶ ሃምሳ ቃል አይብለጥ። ካልመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሰው፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ። የማመልከቻ ክፍያውም አያስፈራህ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአክብሮት ሲጠየቁ ያነሳሉ።

ከባዱ ክፍል ጦርነቱ ነው። በዚህ አካባቢ ደብዳቤ የሚጽፍ ወጣት ሊያልፈው አይችልም፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ክፍተት ሆኖ ይታያልና። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲዋ ተዘርፏል፤ የቤተ ሙከራ ዕቃው፣ ኮምፒዩተሩ ተወስዷል፣ ወድሟል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ኖሯል፤ የማመልከቻ ቀን ግን ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ይህን እንዴት እንጻፈው? አንዳንዱ ሙሉ ገጽ ያደርገዋል፤ አንዳንዱ አፍሮ ይዘለዋል። ሁለቱም ይጎዳል። እኔ የምመክረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ አንዱ የሆነውን የሚናገር፣ ሁለተኛው አንተ ያደረግከውን። «በ2014 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲያችን በጦርነት ተዘርፎ ትምህርታችን ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ በቤተሰቤ ማሳ ላይ እየሠራሁ የአፈር ሳይንስ መጽሐፌን አጠናሁ፤ እንደተመለስን ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨረስኩ።» ኀዘን የደረሰበት ሰው ኀዘኑን ለኮሚቴ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። የሞተ ወንድሙን ስም ለነጥብ ብሎ ማንሳት ያልወደደ ልጅ አይቻለሁ፤ ልክ ነበር። ዝቅተኛ ውጤትም በዚሁ መንገድ ይገለጻል፤ ምክንያቱ ባጭሩ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው መሻሻል በማስረጃ።

ገንዘብ ተከፍሎባቸው ስለሚጻፉ ደብዳቤዎች በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በቴሌግራም «ስኮላርሺፕ እናስገኛለን» እያሉ ደብዳቤ የሚሸጡ አሉ፤ ያንኑ ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይሰጣሉ። ዩኒቨርሲቲዎች የተገለበጠ ጽሑፍ የሚለይ ሶፍትዌር አላቸው፤ የተያዘ አመልካች ይሰረዛል። ቻት ጂፒቲም ሰዋስው ሊያርም ይችላል፤ ሦስተኛውን ማሳ ግን አያውቀውም። ምንም ሳትነግረው «ጻፍልኝ» ካልከው፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ ይጀምርልሃል።

የሬኮመንዴሽን ደብዳቤም ከዚሁ የተያያዘ ነው። «አንተው ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የሚል መምህር አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። የሥራ ጫናቸውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ተማሪው ስለ ራሱ የጻፈውና መምህሩ የፈረሙበት ደብዳቤ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ አንባቢው ይጠረጥራል፤ የሚጎዳውም ተማሪው ነው። የወልድያና የመርሳ ካምፓስ መምህራንን የምለምነው ይህንን ነው፦ ጊዜ ካጠረ ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ልጁ በቤተ ሙከራ ወይም በመስክ ያደረገውን አንድ እርስዎ ያዩትን ነገር ይጻፉ። አክስቴል ለገቢሳ ያደረጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ በመጨረሻ ለስንት ቦታ እንደምትልክ ጠየቅኳት። «ለአራት» አለች፤ ሁለቱ እዚሁ አገር ውስጥ ናቸው። ጥሩ አደረገች። የአገር ውስጡ በር ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለው፤ እንደ ፕሮግራሙ ቃለ መጠይቅና የምርምር ሐሳብም ሊጠየቅ ይችላል። ያ አንቀጽ ለዚያም ያገለግላታል። ማሽላውም ሆነ አቀንጭራው ያሉት እዚሁ ነውና፣ በአገር ውስጥ መማርን እንደ ሁለተኛ ምርጫ አላየውም።

አሁን ለምታመለክቱ ሁሉ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ይዘጋል፤ የብዙዎቹ የአውሮፓ ስኮላርሺፖች ቀንም በመስከረምና በጥር መካከል ይውላል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት የወጪ መጋራት ጉዳይ መጠናቀቅ ስላለበት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ክረምቱ ሳያልቅ ደብተራችሁን ክፈቱ፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ በአማርኛ ጻፉ፤ በመስከረም ለመምህራችሁ አስነብቡ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ላኩት፤ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።